ጃንክ ሸራ ለትንሽ ጀልባ፦ ከባዱ ሥራ ምሰሶው ሥር ነው

የሸራ ጀልባ ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወዳጆቼ በተደጋጋሚ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ያንን የቻይና ሸራ እንዴት ገጠምከው? የኔ ጀልባ ላይስ ይሆናል?» ትላላችሁ። በስልክ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አንድ ጊዜ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ስቶክሆልም፣ ኦስሎ፣ ለንደን ወይም ሲያትል ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እዚያ በ1970ዎቹ እና በ80ዎቹ የተሠሩ ትንንሽ የፋይበርግላስ ጀልባዎች በርካሽ ይገኛሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ብዙዎቹ አካላቸው ደህና ነው። ያለቀው ሸራቸውና ምሰሶውን ወጥረው የያዙት ሽቦዎች ናቸው። ሁለቱን አዲስ ማድረግ ከጀልባዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጃንክ የሚባለውን ይህን የቻይና ሸራ ማሰብ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የኔዋ ጀልባ ኮሪቢ የሚባለው ዓይነት ናት። ርዝመቷ 6.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ባዶዋን አንድ ቶን አትሞላም። ኤለን ማክአርተር በ1995 ታላቋን ብሪታንያ ብቻዋን የዞረችው በዚሁ ዓይነት ጀልባ ነው። ስትነሳ ገና 18 ዓመቷ ነበር። እኔ የማስቀምጣት ኤሴክስ ውስጥ፣ ብላክዋተር ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው ይጠፋና ጭቃ ብቻ ይቀራል። ከሥሯ ወደ ታች የሚወርዱ፣ ኪል የሚባሉ ሁለት ክንፎች ስላሏት ጭቃው ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

ለምን ቀየርኩት? ስገዛት ሁለት ሸራ ነበራት፤ አንዱ ዋናው፣ አንዱ የፊቱ። ነፋስ ሲበረታ ሸራ መቀነስ ግዴታ ነው። ለዚያ ደግሞ ወደ አፍንጫዋ መሄድ ያስፈልጋል። ጠባብ፣ የረጠበና የሚዘል ወለል ላይ ተንበርክካችሁ፣ የሚርገበገበውን ሸራ እየታገላችሁ ታወርዳላችሁ። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ካሉ ችግር የለም። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ካልሆነም ከትንሿ ልጄ ጋር ነኝ። እሷን መሪው ላይ ትቼ ወደ ፊት መሄድ አልፈልግም። ነገሩ ይኸው ነው።

ጃንክ ሸራ አንድ ብቻ ነው። ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ የሚደርሱ ዘንጎች አሉት፤ ሸራውን ከላይ እስከ ታች በክፍል በክፍል ይከፍሉታል። የኔው ስድስት ክፍል አለው። ማንሻ ገመዱን ስትለቁ ሸራው በራሱ ክብደት ይወርድና ከታች የተዘረጉት ማቀፊያ ገመዶች ላይ እየተጣጠፈ ይቀመጣል። አንድ ክፍል ወረደ ማለት ሸራው ያን ያህል አነሰ ማለት ነው። ማሰር አያስፈልግም። ከመሪው ቦታ መነሳት የለም። ምሰሶው ደግሞ ሽቦ የለውም፤ ከላይ የምንረግጠውን ወለል አልፎ የጀልባዋ ሆድ ድረስ ገብቶ በራሱ ይቆማል።

ቻይናውያን በዚህ ሸራ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጉዘውበታል። ለትንሽ ዘመናዊ ጀልባ እንዲመች አድርጎ ያዘጋጀው ግን ብሎንዲ ሃዝለር የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር መኮንን ነበር። በ1960 አትላንቲክን ለብቻ የማቋረጥ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ «ጄስተር» በምትባል 7.6 ሜትር ገደማ በሆነች ጀልባው ተወዳደረ። ፍራንሲስ ቺቼስተር በ40 ቀን አንደኛ ወጣ፤ ሃዝለር በ48 ቀን ሁለተኛ። የቺቼስተር ጀልባ በጣም ትልቅ ነበረች። ሃዝለር መንገዱን አብዛኛውን ያሳለፈው ውስጥ ሆኖ፣ በጣሪያው ቀዳዳ በኩል ገመዶቹን እየያዘ ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ሮጀር ቴይለር ደግሞ «ሚንግሚንግ» በተባለች ጃንክ ሸራ በገጠመላት ኮሪቢ ወደ አርክቲክ ባሕር ሄዷል። ስለዚህ ጀልባዋ ሸራውን ትችለዋለች ወይ የሚለው ጥያቄ ለኔ ያኔውኑ ተዘጋ።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሸራው ስፌት ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ሸራ ቢበላሽ ተፈትቶ ይሰፋል። ምሰሶው የሚገባበት ቦታና የሚይዘው አካል ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጠና ከተጣበቀ በኋላ መመለሻ የለውም። ጊዜያችሁን፣ ገንዘባችሁንና ጥንቃቄያችሁን እዚያ አውሉት።

መጀመሪያ የምሰሶው ቦታ። ማንኛውም ሸራ ነፋሱ በጠቅላላ የሚገፋበት አንድ ነጥብ አለው፤ የኃይል ማዕከል እንበለው። የድሮዎቹ ሁለት ሸራዎች የጋራ ማዕከል የት እንደነበር ማወቅ አለባችሁ። አዲሱ ሸራ ማዕከሉ እዚያው መስመር ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ከሸሸ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ እያዞረች መሪውን ታከብድባችኋለች። ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ ከነፋሱ እየሸሸች አልታዘዝ ትላለች። አሠራሩ ቀላል ነው። ጀልባዋን በ1፡10 ልክ ወረቀት ላይ ሣሉ። ሸራዎቹን በዚያው ልክ ከካርቶን ቁረጡ። እያንዳንዱን ካርቶን በሁለት ቦታ በመርፌ አንጠልጥላችሁ ከመርፌው ቀጥታ ወደ ታች መስመር አስምሩ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ማዕከሉ ነው። ሁለቱን የድሮ ሸራዎች እንደ ስፋታቸው አመዛዝናችሁ የጋራ ነጥባቸውን አውጡ። ከዚያ የአዲሱን ሸራ ካርቶን ሥዕሉ ላይ እያንሸራተታችሁ ነጥብ ከነጥብ አገናኙ።

ጃንክ ሸራ ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ትንሽ የሚበልጠው ከምሰሶው ፊት ይወጣል። የቀረው ሁሉ ከምሰሶው ኋላ ነው። የፊት ሸራ ደግሞ የለም። ስለዚህ አዲሱ ምሰሶ ከድሮው በጣም ወደ ፊት ይሄዳል። የኔው የፊት መኝታ መሀል ላይ ነው የወደቀው። አሁን እዚያ የሚተኛ ሰው ምሰሶውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ነው። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምን ያህል ርዝመት ወደ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው። ከምሰሶው ጠቅላላ ርዝመት ቢያንስ አንድ አሥረኛው ከወለሉ በታች መሆን አለበት ይባላል። የኔ ምሰሶ 8.4 ሜትር ነው። ከዚያ ውስጥ 1.1 ሜትሩ ውስጥ ገብቷል። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስጨንቅ በሒሳብ ላሳያችሁ። ጀልባዋ ከነሰውና ከነዕቃው 1,000 ኪሎ ናት እንበል። ስታዘነብል ቀና የሚያደርጋት ክብደቷ በ40 ሳንቲ ሜትር ክንድ (ክብደቱ የሚገፋበት ርቀት) ይሠራል ብዬ አሰላሁ። ይህም 400 ኪሎ በአንድ ሜትር ክንድ ማለት ነው። ከነፋስ ግፊት ብቻ ምሰሶው ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ኃይል አይመጣበትም፤ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ከተገፋ ጀልባዋ ትተኛለች። ያን 400 በ1.1 ሜትር ስታካፍሉት ወለሉ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ከ360 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሥሩ ላይ ደግሞ ያን ያህል በተቃራኒው አቅጣጫ። ወደ ውስጥ የገባው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ 670 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ስስ የፋይበርግላስ ወለል ይህን አይችልም። ለዚህ ነው ወለሉ የሚጠናከረው።

ምሰሶው ራሱ ከሁለት ነገር ነው የተሠራው። የታችኛው 5.5 ሜትር የአልሙኒየም ቱቦ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5። የላይኛው ጫፍ ቱቦው ውስጥ የተሰካ ቀላል የጥድ እንጨት ነው። ከላይ ክብደት መቀነስ ለትንሽ ጀልባ ትልቅ ነገር ነው። አልሙኒየሙን ስትገዙ ዓይነቱን በወረቀት ጠይቁ። 6082 ሆኖ ቲ6 የሚባለው ጥንካሬ ያለው ይሁን። ብዙ ሰው የመንገድ መብራት ምሰሶ ወይም የባንዲራ ምሰሶ ይጠቀማል፤ ጥሩ የሆኑም አሉ። የማይታወቅ ቱቦ ግን እኔ አልመክርም። ብየዳም አታስነኩት። እንዲህ ያለ አልሙኒየም ሲበየድ በዙሪያው ያለው ብዙ ጥንካሬውን ያጣል። ወለሉ ዘንድ ያለው ቦታ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚታጠፍበት ነው። እዚያ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አትብሱ።

ሦስተኛው የወለሉ ቀዳዳ ነው። ወለሌ በሁለት ፋይበርግላስ መካከል የበልሳ እንጨት ያለበት ነው። ቆርጬ ስከፍተው ጠርዙ ልክ እንደ ዳቦ ልብ ቀላልና ደረቅ እንጨት ነበር። ደረቅ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። እርጥብና ጥቁር ሆኖ ቢገኝ ከሁሉ በፊት ያ ይጸዳል። ከዚያ በሹል መሮ በሁለቱ የፋይበርግላስ ልባስ መሀል ያለውን በልሳ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ፈልፍዬ አወጣሁት። ባዶውን ኢፖክሲ በሚባል ወፍራም ሙጫ ሞላሁት። ውሃ እዚያ ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ ከገባ በዓመታት ውስጥ ወለሉን በሙሉ ይበላዋል። ከሥር ሁለት ድርብ 18 ሚሊ ሜትር የባሕር ፕላይውድ አጣበቅኩ። ከጎን እስከ ጎን የሚደርስ ነው፤ ኃይሉን ወደ ጀልባዋ ግድግዳዎች የሚያደርሰው እሱ ነው። በብሎን፣ በትልልቅ ሮንዴላና በዳዶ ጠበቀ። ኢፖክሲ ብርድ አይወድም። የእንግሊዝ ቅዝቃዜ ውስጥ ስትሠሩ ድንኳን አድርጋችሁ ማሞቂያ አስገቡ፤ አለዚያ ሳይደርቅ ይቀራል።

ቀዳዳው ከምሰሶው በዙሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል። በዚያ ክፍተት ጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቆቹን ያሳዩኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን በእንጨት ጀልባ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አንዱን ሽብልቅ መታ አድርገው ወዲያው ወደ ትይዩው ይሄዳሉ። እንደገና አንዱን፣ እንደገና ትይዩውን። በየመሀሉ ቱንቢውን ያያሉ። «ድምፁ ሲቀየር ይበቃል» አሉኝ። እውነትም መጀመሪያ ደነዝ ያለው ድምፅ ወደ መጨረሻው ጥርት ይላል። ቱንቢ ከመጣላችሁ በፊት ጀልባዋን ራሷን በውሃ ልክ ቀጥ አድርጉ። ምሰሶው ቀጥ ይበል ወይም ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብል። ወደ ኋላ ካጋደለ ነፋስ ሲደክም ሸራው ወደ መሀል እየገባ ያስቸግራል። ከላይ ውሃ እንዳይገባ ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ በምሰሶው ዙሪያ አስራችኋል፣ አበቃ። ከተገዛው ይሻላል።

የምሰሶው ሥር የሚያርፈው ከጀልባዋ ሆድ ጋር በተጣበቀ የወይራ ያህል ጠንካራ የሆነ የኦክ ግንድ ላይ ነው። ኃይሉ አንድ ቦታ እንዳይወጋ ግንዱ በፋይበርግላስ ወደ ጎንና ወደ ፊት ተዘርግቶ ተለብጧል። የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው። አንድ ብሎን ደግሞ ምሰሶውን አሳልፎ ይይዘዋል፤ እንዳይዞርና ወደ ላይ እንዳይዘል። ስቴንለስ ብሎን ከአልሙኒየም ጋር በጨው ውሃ ሲገናኝ አልሙኒየሙ ይበላል። መሀላቸው ፕላስቲክ ሮንዴላና መከላከያ ቅባት አድርጉ።

ሸራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ደስታ ነው። አባቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጅነቴ በሲንጀር ሥር ስላለፈ ስፌት አያስፈራኝም። የናንተ ባይሆንም አትፍሩ። የዚህ ሸራ ጨርቅ ብዙ አይወጠርም፤ ኃይሉን ዘንጎቹና ጠርዙ ላይ የተሰፋው ጥብጣብ ይሸከሙታል። ስለዚህ ውድ የሸራ ጨርቅ አያስፈልግም። ለውጭ መሸፈኛ የሚሆን፣ ፀሐይ የሚችል ፖሊስተር ይበቃል። ክሩም ፀሐይ የሚችል ይሁን። የቤት የስፌት መኪና ይሰፋዋል።

አንድ ነገር ግን አትዝለሉ። የሃዝለር ሸራ ጠፍጣፋ ነበር። ጠፍጣፋ ሸራ ከኋላ ነፋስ ሲመጣ ግሩም ነው፤ ወደ ነፋሱ መውጣት ግን ይደክማል። አርነ ክቨርኔላንድ የሚባል ኖርዌያዊ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሆድ እንዲኖረው አድርጎ መስፋትን አስፋፍቷል። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት። የእያንዳንዱን ክፍል የላይና የታች ጠርዝ ቀስት አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ቀጥ ባለው ዘንግ ኪስ ላይ ትሰፉታላችሁ። ትርፉ ጨርቅ መሀል ላይ ሆድ ይሆናል። የሆዱ ጥልቀት ከሸራው ወርድ 8 በመቶ ያህል ይሁን። የኔው ወርድ 3.6 ሜትር ስለሆነ ሆዱ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚጠልቅበትም ቦታ ከመሀል ትንሽ ወደ ፊት ነው። አንድ ክፍል በርካሽ የፕላስቲክ ሸራ ሰፍታችሁ ሜዳ ላይ በሁለት እንጨት ወጥራችሁ እዩት። ያ ብቻውን ብዙ ያስተምራል።

ዘንጎቼ 30 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ቱቦ ናቸው። ከሁሉ በላይ ያለው ሸራውን በሙሉ ስለሚያንጠለጥል በጣም ይወፍራል። ከምሰሶው ጋር የሚፋተጉበትን ቦታ በጥብጣብ ደርቡት።

ገመዱ ብዙ ነው። ይህን አልደብቅም። ማንሻው ሦስት እጥፍ በፑሊ ያልፋል። ሸራው ከነዘንጎቹ ከባድ ስለሆነ ያለዚያ አይነሳም። የላይኛውን ዘንግ ወደ ምሰሶው የሚስብ አንድ ገመድ አለ፤ የፊት ጠርዙን የሚያስተካክል ሌላ አለ። ሸራውን የምናጠብቅበትና የምናላላበት መቆጣጠሪያ ገመድ ደግሞ ከኋላ በኩል ለየዘንጉ ጫፍ ቅርንጫፍ አለው። በየቀለማቸው ግዟቸው። ሌሊት እንኳ በእጅ ባትለዩ በባትሪ ብርሃን ትለያላችሁ። የመቆጣጠሪያው ቅርንጫፎች ሸራው ሲዞር ከኋላ ያለውን ነገር ሁሉ ይለቅማሉ። የሞተር እጀታ፣ የመብራት ዘንግ፣ የሰው ኮፍያ። ጀልባዋ ኋላ ላይ የሚወጣ ነገር አይኑር፤ ካለም ለስላሳ ሽፋን ይደረግበት።

መጀመሪያ ስትወጡ መልሕቅ ላይ ሆናችሁ በደካማ ነፋስ አንድ አንድ ክፍል እያነሳችሁ እያወረዳችሁ ተለማመዱ። ከዚያ በሁለት ክፍል ብቻ ሂዱ። ምሰሶው ጫፉ ትንሽ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። እንደዚያ ነው የተሠራው፤ ድንገተኛ ነፋስን ያበርዳል። ወለሉ ዘንድ ግን ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ጆሯችሁን አቅርባችሁ ስሙ፤ ጭጭ ማለት አለበት።

ለውጡን የተረዳሁት ነፋስ ከኋላ ሆኖ ስዞር ነው። በድሮው ሸራ ይህ አደገኛ ነበር፤ ከሸራው ሥር ያለው ከባድ ዘንግ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየተወረወረ ጭንቅላት ይመታል። አሁን ከምሰሶው ፊት ያለው የሸራው ክፍል ግፊቱን ስለሚያመዛዝን ዝግ ብሎ ይሻገራል። ልጄ ራሷ መሪውን ይዛ ትዞራለች። ከማልደን አጠገብ ቀይ ሸራ ያላቸው የድሮ የቴምስ ጀልባዎች ሲያልፉ መሪውን ለሷ ሰጥቼ ማየት ችያለሁ። ደመናው ሲጠቁር ማንሻውን እለቃለሁ፤ ሁለት ክፍል ወርዷል፤ ሻይ እጄ ላይ እያለ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ነፋሱ ደካማ ሆኖ ባሕሩ አጫጭር ማዕበል ሲኖረው ሸራው ይወዛወዛል፣ ፍጥነት ያጣል። ያኔ ከጥሩ ዘመናዊ ሸራ ጋር አይወዳደርም። ሸራውን ማንሳትም ላብ ያወጣል። ሽቦ የሌለው ምሰሶም የማይሰበር አይደለም። ቢል ኪንግ በ1968 «ጋልዌይ ብሌዘር 2» በምትባል ሁለት ምሰሶ ባላት ጃንክ ጀልባ ዓለምን ሊዞር ሲሄድ ደቡብ አትላንቲክ ላይ ተገልብጣ ምሰሶዋ ተጎድቷል፤ ኬፕታውን ገብቶ ጉዞው እዚያ አበቃ። የኔና የናንተ መንገድ ያን ያህል አይርቅም፤ ግን ሒሳቡን ሠርታችሁ ግቡ።

ለመድን ድርጅታችሁም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገሩ። ፎቶና ሥዕል ይዛችሁ ብትሄዱ ነገሩ ይቀላል። እኔ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ከመሸፈኑ በፊት የተነሳው የወለሉ ሥር ፎቶ በጣም ጠቅሞኛል።

በየዓመቱ ጀልባዋ ወደ ውሃ ከመመለሷ በፊት የማያቸው ነገሮች አሉ። ሽብልቆቹን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ሥሩ ያለውን ብሎን አውጥቼ በዙሪያው ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት እንዳለ አያለሁ። የውሃ መውጫው እንዳልተደፈነ በሽቦ እፈትሻለሁ። ዘንጎቹ ምሰሶውን የሚነኩበትን ጥብጣብ በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ከሳሳ እቀይረዋለሁ። ማንሻውን ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ገልብጬ አስገባዋለሁ፤ ፑሊው ላይ የሚያርፈው ቦታ እንዲቀያየር።